ሥራ፦ የላትም

ባለፈው መስከረም ከመካከላችን አንዱ፣ የኡካ ልጅ፣ አልጋው ላይ ተንጋሎ አንድ ቅጽ ይሞላ ነበር። ቅጹ የታወቀው ዓይነት ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ። ከአባት ሥራ ትይዩ «ገበሬ» ብሎ ጻፈ። ከእናት ሥራ ትይዩ ደግሞ ብዕሩን እንኳ ሳያነሣ «የላትም» አለና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። ማንም አልተገረመም። እኛም ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከሁሩሙና ከያዮ የመጣነው ይህንኑ ቅጽ በየተራችን ሞልተናል። ምን ብለን እንደጻፍን ስንጠያየቅ፣ ሁለታችን «የቤት እመቤት» ብለናል፣ አንዱ ሰረዝ አስምሯል፣ የቀረነው «የላትም»።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ለዚሁ ጓደኛችን በመቱ አውቶቡስ አንድ በማዳበሪያ የታሰረ ዕቃ መጣለት። ከብበን ፈታነው (ተማሪ ዕቃ ሲፈታ ጓደኛው ሁሉ ዘመድ ነው)። ቡና፣ ኮረሪማ፣ የደረቀ በርበሬ፣ የጤና አዳም ፍሬ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ከሥር ደግሞ ጭቃው ሳይራገፍ የመጣ ጎደሬ። ከማዳበሪያው ከራሱ በቀር ሁሉም ከጓሮ የወጣ ነው። ታዲያ ይህን የላከው ማነው? ሥራ የላትም የተባለችው ሴት!

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምሽት ተከራከርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ትርፍ ነው። ሁላችንም በሁሉም ነገር ተስማምተን የጻፍነው እንዳይመስል ከወዲሁ እንናገራለን።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። መቱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኡካም የዚያው የኢሉባቦር ምድር ናት። ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ሲያወርደው ከርሞ ጥቅምት ላይ ይላላል። የሌላ አገር ልጆች «እናንተማ ዱላ ብትተክሉ ይበቅላል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ይበቅላል። አረሙም ይበቅላል። ይሄን ግን ማንም አይጨምርልንም።

ጓሮው እንዲህ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ እጅ ሲዘረጋ የሚደረስበት ላይ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ሚጥሚጣው። ቀጥሎ ጎመኑ። ከጎመኑ ወዲያ ጎደሬውና ሙዙ፣ በአጥሩ ጥግ ዱባና ቅል የሚሳቡበት፣ ሸንኮራውም እዚያው። ከዚያ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቡናው ይጀምራል። ከቡናው ባሻገር ሰፊው የበቆሎ ማሳ፣ ከማሳው ቁልቁል ደግሞ ውሃ የማይለየው ጨፌ አለ። ለበዓል መሬት ላይ የሚጎዘጎዘው ሣር የሚታጨደው ከዚያ ነው። በየቤቱ ሥርዓት ጓሮው የእናት፣ ማሳውና ቡናው የአባት ይባላል፤ «የእናት» ማለት ግን እሷ ትደክምበታለች ማለት ነው እንጂ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

በጋ ላይ፣ ጥርና የካቲት፣ ወንዶቹ ጨፌውን በቦይ አጠንፍፈው በቆሎ ይዘሩበታል። ይህ በቆሎ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ጎተራው ሲራቆትና የደጋው ማሳ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚደርስ ነው። በዚያው በበጋ እናቶቻችን የጎመኑን ሥር በእቃ ማጠቢያ ውሃ እያራሱ ዘር እንዲሰጥ ይጠብቁታል። ዘሩም በጨርቅ ተቋጥሮ ከምድጃው በላይ ጭስ በሚደርስበት ይሰቀላል። መጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከቀናት በኋላ ቡናው በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሶ ያድራል፤ ሽታው እስከ ጎዳናው ይደርሳል። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ስለ ቡናው ነው የሚያወራው። አበባው እንዴት ነው? ዘንድሮ ስንት ይወጣዋል? እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጎደሬ እየተከለች ነው። ዱባውን፣ ቦሎቄውን፣ ከቤቱ አጠገብ ቶሎ የምትደርሰዋን ጥቂት መስመር በቆሎም በዚያው ሳምንት ትጨርሳለች። ግንቦትና ሰኔ ኩትኳቶ ነው። ጠዋት የነቀለችው አረም ዝናብ ከዘነበ በሳምንቱ ተመልሶ ቆሞ ይጠብቃታል። ሐምሌ ላይ ቤተሰቡ የሚበላው ጎመን፣ ዱባና የጓሮ እሸት ነው። ይሄን ወር የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ከመስከረም ጀምሮ ጎደሬው ይቆፈራል። ጎደሬ እንደ እህል አንድ ቀን ታጭዶ የሚያልቅ አይደለም፤ መሬት ውስጥ ይቀመጥና እንደ ተቸገሩ ይወጣል። በጥሬው ደግሞ አፍ ያሳክካል፤ በደንብ መቀቀል አለበት። ባንክም ወጥ ቤትም እሷ ናት ማለት ነው።

አመዱን ዘለልነው። በየማለዳው ምድጃዋን ትጠርግና አመዱን በአሮጌ ሰፌድ ይዛ ትወጣለች። ግማሹን ተባይ እንዳይበላው ጎመኑ ላይ ትነሰንሰዋለች፤ ግማሹን ከጥራጊውና ከከብቱ ፍግ ጋር ጎደሬው ሥር ትደፋዋለች። ልጅ ሆነን ስናየው አመድ መጣል ይመስለን ነበር። ወደዚህ አመድ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ክርክሩ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ቅጹን ሊከላከልለት ሞከረ። ሥራ ማለት፣ አለ፣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚያወጣ ነው፤ አባትየው ጀንፈሉን ለነጋዴ ይሸጣል፣ እናትየው ግን ቤት የሚበላ ነው የምታበቅለው። ቢጨንቀው ከአዳም ስሚዝ ጠቀሰልን። በ1776 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ ስሚዝ የቤት አገልጋይን ድካም «የማያፈራ» ከሚላቸው ወገን መድቦታል፤ ሥራው በተሠራበት ቅጽበት ይጠፋል፣ ተሽጦ የሚገኝ ነገር አይተውም ብሎ። (እውነት ለመናገር ስሚዝ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነገሥታትን፣ ቀሳውስትንና ዘፋኞችንም አስገብቷል። የንጉሥን ሥራ ግን በቅጽ ላይ «የለውም» ብሎ የጻፈ አልሰማንም።)

እኛም አልተኛንለትም። ዛሬ መንግሥታት የአገርን ምርት የሚቆጥሩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1993 እ.ኤ.አ. ሲከለስ፣ ቤተሰብ ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተው ዕቃ ባይሸጥም እንዲቆጠር ይላል። በዚያው ሥርዓት ምግብ ማብሰል፣ ልጅ ማሳደግ፣ ቤት ማጽዳት አይቆጠርም። ስለዚህ የእናታችን ጎመን እስክትቀነጠስ ድረስ የኢትዮጵያ ምርት ናት፤ ድስት ከገባች በኋላ ግን የሠራት ሰው የለም። ይሄ ራሱ ያስቃል። ቢሆንም «የላትም» ካለው ከእኛ ብዕር ሒሳብ ሠራተኞቹ ይሻላሉ።

በእኛ አገር ነገሩ የሚለካው በስሚዝም በሒሳብ ሠራተኛም አይደለም። በበሬ ነው የሚለካው። በሬ የጠመደ፣ ሞፈር የጨበጠ ገበሬ ይባላል። ዶማና መኮትኮቻ የያዘች ደግሞ «ታግዛለች»። ለማን ነው የምታግዘው? በዓመት ውስጥ በሬ የሚጠመድባቸውን ቀናት ብንቆጥር በጣት የሚቆጠሩ ሳምንታት ናቸው። አባቶቻችን ሰነፎች ናቸው ማለታችን አይደለም፤ እርሻውም፣ ጨፌውም፣ የቡና ምንጣሮውም ወገብ የሚሰብር ነው። ጥያቄያችን አንዱ ወገብ ሲሰበር ስም ሲያገኝ ሌላው ለምን አያገኝም ነው።

በጣም ያስቸገረን ክርክር ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። ያመጣውም ራሱ ቅጹን የሞላው የኡካ ልጅ ነበር። «ተዉኝ እስቲ» አለን። «እናቴ ለእኔ ያደረገችውን ሥራ ብዬ ብጠራው እሷን ማሳነስ ነው። ሥራ ደመወዝ አለው፤ ሰዓት አለው፤ ሲበቃ ይተዋል። እሷ ያደረገችው ፍቅር ነው። ፍቅርን በቅጽ ላይ አላሰፍርም።»

ለሁለት ቀን ያህል መልስ አጣንለት። ከልቡ ነው የተናገረው። በእርግጥም ሁሉን ነገር በዋጋ ለመመንዘር የሚጣደፍ ዘመን አለ፤ እናትን የዕለት ሙያተኛ አድርጎ ማየት የሚያስጠላው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። በሦስተኛው ቀን ግን ከመካከላችን አንዷ (የጎሬ ልጅ ናት፣ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች) ጠየቀችው፤ «አባትህስ አይወድህም?» «እንዴት አይወደኝም!» «ታዲያ ገበሬ ብለህ ስትጽፍ ፍቅሩን አሳነስከው?» ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። አባት ለልጆቹ ሲያርስ ሁለቱንም ያገኛል፤ ይወዳልም፣ ይሠራልም። እናት ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ተብላ ፍቅሩ ብቻ ደረሳት። ደግሞም ለፍቅር ዕዳ የሚጠይቅ የለምና፣ ፍቅር ብለን መጥራታችን ለእኛ ለባለዕዳዎቹ ይመቸናል። ይህን ያልነው እኛው ነን፤ ተናግረን ስናበቃ ደስ አላለንም።

ወደ አመዱ እንመለስ። ሐና አሬንት የምትባል ፈላስፋ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን ድካም ለሁለት ትከፍላለች። አንደኛው ለሕይወት የሚደረግ ድካም ነው፤ ይበላል፣ ያልቃል፣ ነገ እንደገና ይጀመራል፣ ከኋላው ምንም አይተውም። ሁለተኛው እንደ ጠረጴዛ፣ እንደ ቤት፣ እንደ መጽሐፍ ያለ፣ ሠሪው ካለፈ በኋላም በዓለም ላይ የሚቆም ነገር የሚተው ሥራ ነው። ስናነበው እናቶቻችን የቱ ጋ እንደሚወድቁ ወዲያው ታየን፤ አረሙ፣ ጎመኑ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ወገን። ጸሐፊዋ ራሷም መሬትን ማረስ ከሁለቱ መካከል የቆመ መስሎ እንደሚያሳስት ታነሣዋለች፤ ማሳ ዘወትር ካልታደሰ ተመልሶ ዱር ይሆናልና ከጠረጴዛው ጋር አትቆጥረውም።

እኛ ግን ጓሮ እናውቃለን። የኢሉባቦር አፈር ቀይ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው አፈር ግን ጥቁር ነው፤ ዶማ ሲገባበት አይጮህም፤ ጎደሬው ሥር እጅ ብትከት እስከ ክርን ይገባል። ያ አፈር ከሰማይ አልወረደም። የስንት ዓመት አመድ፣ ጥራጊና ፍግ ነው፤ በሰፌድ በሰፌድ የተሠራ። ጠረጴዛ አናጢ ካለው ይህ አፈር ለምን ሠሪ አይኖረውም? ከአብዛኛው ጠረጴዛም ረጅም ዕድሜ አለው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም፤ ተፈትኗል። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በመንደር ምሥረታው ዘመቻ የኢሉባቦር ገበሬ እንደ ሌሎች ብዙ ክፍለ ሀገሮች ገበሬ ከየጓሮው ተነሥቶ በተሰመረ መስመር ላይ ቤት እንዲሠራ ተደረገ። የአንዳችን አያት ያን ጊዜ ወጣት ሚስት ነበሩ። ጣሪያው ወረደ፣ ማገሩና ምሰሶው በሸክም ሄደ። እሳቸው የጎመን ዘራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፣ የጎደሬ ተካዮች በቅርጫት ያዙ፣ የጤና አዳም ቅርንጫፍ በእርጥብ ጭቃ ጠቅልለው ወሰዱ። አዲሱ ቦታ ላይ ሁሉንም ተከሉት። በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ጎደሬ የዶሮ እንቁላል አያህልም ነበር፤ አያታችን ይህን ሲናገሩ ዛሬም በእጃቸው ልኩን ያሳያሉ። መሬቱ ቀይ ነው፤ አመድ የሚያውቅ አይደለም። ወንዶቹ ያጡት ምን እንደሆነ በቀላሉ ይናገሩ ነበር፤ ማሳው ራቀ፣ ቡናው ጠባቂ አጣ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ወረሰው። እሳቸው ያጡትን ግን የሚጠሩበት ቃል አልነበራቸውም። «መሬት» እንዳይሉ መሬትማ ተሰጥቷቸዋል።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎች አዲሱን መንደር እያፈረሱ ወደየድሮ ቦታቸው ተመለሱ። የአያታችን ቤት የነበረበት ኦና ሆኖ፣ ቁጥቋጦ ለብሶ ቆይቷል። ጓሮው ግን አልጠፋም። በዚያው መጋቢት የዘሩት በቆሎ ከማሳው ሁሉ እሱ ጠቁሮ፣ እሱ ረዝሞ ቆመ። ዛሬም በእኛ አገር የበቆሎ ማሳ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አገዳው ለብቻው ከፍ ብሎ ካያችሁ፣ እዚያ አንድ ጊዜ ቤት ነበረ፣ አንዲት ሴትም አመድ ትደፋ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

ከመካከላችን ሕግ የሚያጠናው በበኩሉ አዋጆቹን ዘረዘረልን። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ አርሶ ለመብላት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት ይሰጠው ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የተደፋ አመድ «ቋሚ መሻሻል» ነው አይደለም? እኛ ነው እንላለን። ሕጉም በር አልዘጋብንም። በሩ የሚዘጋው ቀደም ብሎ ነው፤ ጉልበቱ የማን እንደሆነ ሲጻፍ። ጆን ሎክ የሚባለው እንግሊዛዊ ንብረት የሚመጣው ሰው ድካሙን ከመሬት ጋር ሲቀላቅል ነው ያለ ጊዜ፣ በዚያው ገጽ አገልጋዩ የቆረጠው ሣር የጌታው ነው ብሎ አለፈ። ድካሙ የአንዱ፣ ስሙ የሌላው። ሎክ ወደ ኡካ መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣ ግን ግራ አይጋባም ነበር።

አንድ ነገር ሸሽተናል፤ መናገር አለብን። ነሐሴና መስከረም በቆሎው ሲያሽት ጥበቃ ይያዛል። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት። ማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይወጣል፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ይጮኻል። ሁላችንም ጠብቀናል። ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ከማማው የወረድነው እኛ ነን፤ የቀረችው እኅታችን ናት። የአንዳችን እኅት ሦስት ዓመት በተከታታይ የመስከረምን ትምህርት አጥታ፣ ኅዳር ላይ «ሒሳብ አይገባትም» ተብላ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። በስም መጥሪያው ላይ ከስሟ ትይዩ የተጻፈው «ቀሪ» ነው። የት እንደቀረች የሚጠይቅ ሣጥን በመዝገቡ ላይ አልነበረም። እኛ ፈተና ያለፍነው ጎበዞች ስለሆንን ነው ሲባል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር፤ ዛሬም ጎበዞች አይደለንም አንልም። ግን የበላነው በቆሎ ጦጣ ያልበላው ነው። የእናት ጓሮ ሥራ ካልሆነ፣ የእኅት ጥበቃም ሥራ አይሆንም፤ እሷ እንዲያው ትምህርት የማይሆናት ልጅ ትሆንና እኛ ንጹሕ እንሆናለን። ለዚህ ነው «የላትም» የሚለው ቃል ሳናስበው ከእጃችን የወጣው ብለን የጠረጠርነው። ከኢኮኖሚክሱ ተማሪ በቀር ሁላችንም በዚህ ተስማምተናል፤ እሱ ማሰቢያ ጊዜ ስጡኝ ብሏል።

የኡካው ልጅ ግን ቅጹን ሊያስተካክል ፈለገ። መዝገብ ቤት ሄደን ጠየቅን፤ ቅጹ አልፏል፣ ለመጪው ዓመት እንደገና ትሞላላችሁ አሉን። ምን ብሎ እንደሚሞላ ለማወቅ ማታ ወደ ቤቱ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ሁላችንም እንሰማለን። የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስነው እኛ ነን።

«እማዬ፣ ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ምን ሆንክ? አመመህ? ብር አለቀብህ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ። ለወረቀት ነው።»

ዝም አለች። ከኋላዋ ዶሮ ይሰማል፣ ዝናብም የሚዘንብ ይመስላል። «ወረቀቱ ላይ ቦታው ምን ያህላል?» አለችው።

«ትንሽ ነው። አንድ መስመር።»

«እንግዲያው አባትህን ጻፍ፣ ይብቃው» ብላ ሳቀች። ጎደሬው ደርሶ እንደሆነ፣ በርበሬው እንዳልሻገተ ጠየቀችው፤ ጎመኑ ውስጥ ፍየል ገብታለች ብላ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ቶሎ ብሎ፣ «ትንሿስ የት አለች? አገናኚኝ» አላት። ትንሿ የምንላት ታናሽ እኅቱ ናት፤ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች።

«ማማ ላይ ናት፤ አልወረደችም።»

«ትምህርት ቤት እኮ ተከፍቷል።»

«ተከፍቷል» አለችው። «በቆሎው እስኪደርስ ነው።»